የዩኒክስ ቤተ ዘመድ፦ ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚሆን ሥርዓት አመራረጥና አሞካከር

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባሎች የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ከስብሰባው በኋላ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ፈቀደልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ትምህርቴ ከ6ኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜዬን በጸሐፊነትና በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የፈጸምኩ ጡረተኛ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በታይፕ መኪና ነው፤ ጡረታ የወጣሁት ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው አርጅቷል ብሎ የተወውን ኮምፒዩተር እየለመንኩ እወስድና የተለያየ ሥርዓት እየጫንኩ እሞክራለሁ። ባለቤቴ ሳሎኑ መጋዘን ሆነ ትላለች፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በእጄ የነካሁትን ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በየቤታችን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ወይም የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አይጠፋም። አብዛኛው ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ነው። ሠሪው ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ፤ በዚያ አቆጣጠር ቀኑ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ መሣሪያና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ በጥቅሉ ከ2017 መጨረሻ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ማሽኖች አያሟሉም። ማሽኑ ግን ደኅና ነው። ይበራል፣ ይጽፋል፣ ይደምራል። ደኅና ማሽን ከመጣል ወይም ያለ ጥበቃ ከመጠቀም ሌላ መንገድ አለ ወይ? አለ።

መጀመሪያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ምን እንደሆነ እንነጋገር። እኔ መዝገብ ቤት ስሠራ ዋናው ሰው የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበር። ለገቢው ደብዳቤ ቁጥር የሚሰጠው፣ ፋይሉ ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቀው፣ ይህን ዶሴ እገሌ ይየው እገሌ አይየው ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ኃላፊው እንኳ እሱ ከሌለ ወረቀት አያገኝም። ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ለኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ሹም ነው። እናንተ የምታዩት መስኮትና ሥዕል የፊት ለፊት ጠረጴዛው ብቻ ነው። ሹሙ ሲለወጥ ሕንፃው፣ መደርደሪያውና ወንበሩ እዚያው ይቀራሉ። ዛሬ የማወራው ሹሙን ስለ መለወጥ ነው።

ከሹሞቹ መካከል አንድ ቤተ ዘመድ አለ፤ አያታቸው ዩኒክስ ይባላል። በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባለው የስልክ ኩባንያ ምርምር ቤት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የሚባሉ ሰዎች ጀመሩት። የጀመሩበት ማሽን ፒዲፒ-7 ይባላል፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን ያለፈበትና ብዙ ሰው የማይፈልገው ነበር። እንግዲህ ይህ ዘር ከጥንቱም የተወለደው በአሮጌ ማሽን ላይ ነው! ኩባንያው በ1956 ከመንግሥት ጋር በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት ከስልክ ሥራ ውጭ እንዳይነግድ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ዩኒክስን በትንሽ ክፍያ ለዩኒቨርስቲዎች ይሰጥ ነበር። የሰጠውም ከነአሠራሩ ነው፤ ወጡን ብቻ ሳይሆን ቅመሙንም ጭምር እንደ ማለት። ካሊፎርኒያ በርክሌይ ያሉ ተማሪዎች ያንን እያሻሻሉ ከ1978 ጀምሮ ቢኤስዲ የተባለውን አወጡ።

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው ጂኤንዩ የሚባል ሥራ አስታወቀ፤ ዓላማው ማንም ሊያየው፣ ሊያርመውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት መሥራት ነው። ፈረንጆቹ ነጻነትንና ያለ ዋጋ መገኘትን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ። እኛ «ነጻ» እና «በነጻ» ብለን ስለምንለየው አንቸገርም። ሥርዓቱ ነጻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በነጻ ይገኛል። ከዚያ በ1987 አንድሩ ታኔንባም የተባለ የአምስተርዳም መምህር ለተማሪዎቹ ሚኒክስ የሚባል ትንሽ ሥርዓት አወጣ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ሚኒክስን ሲጠቀም ቆይቶ የራሱን ከርነል ሠራ። ከርነል ማለት ፍሬው፣ ማለትም ሹሙ ራሱ ነው። ይኸው ሊነክስ ተባለ፤ ከስቶልማን መሣሪያዎች ጋር ሲገጠም ሙሉ ሥርዓት ሆነ።

ታዲያ ቢኤስዲ ቀድሞ እያለ ሊነክስ ለምን በለጠ? አንዱ ምክንያት የፍርድ ቤት ክርክር ነው። በ1992 የዩኒክስ ባለመብቶች በቢኤስዲ ላይ ክስ መሠረቱ፤ ነገሩ በስምምነት ያለቀው በ1994 ነው። ክርክር ያለበትን መሬት ማን ደፍሮ ያርሳል? ሰው ሁሉ ወደ ሊነክስ ሄደ። ቢኤስዲም ቢሆን አልሞተም። በ1993 ኔትቢኤስዲና ፍሪቢኤስዲ ወጡ። ከኔትቢኤስዲ መሥራቾች አንዱ ቴዎ ዴ ራት ከባልደረቦቹ ጋር ተጋጭቶ በ1995 ኦፕንቢኤስዲን አቋቋመ። ዕድር ሲከፈል ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

የሊነክስም ቤት ብዙ ነው። ከርነሉ አንድ ሆኖ አጠቃቀሙንና አቀራረቡን እያንዳንዱ ቡድን በራሱ መንገድ ያዘጋጀዋል፤ ይህን ዲስትሪቢውሽን ይሉታል። ከአንጋፋዎቹ አንዱ ዴቢያን በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው ነው፤ ስሙንም የራሱንና የፍቅረኛውን የደብራን ስም አጋጥሞ አወጣለት። ኡቡንቱ በ2004 ከዴቢያን ወጣ፤ ስሙ የደቡብ አፍሪካ ቃል ነው፣ ጀማሪውም ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቃቸው ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር። ሊነክስ ሚንት ደግሞ በኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ በ2006 የወጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም አመራረጡ ነው። ወጣቶቹ የትኛው ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ለእኔ ጥያቄው ይህ አይደለም። ጥያቄው ምን ትሠሩበታላችሁ፣ ሲበላሽስ ማንን ትጠይቃላችሁ የሚለው ነው። በፒችትሪ ሒሳብ እየያዘ እንጀራውን የሚበላ ሰው ዊንዶውሱን አይንካ፤ ያ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ በሠንጠረዥ የሚይዝ፣ ኢንተርኔት የሚያይ፣ ልጁ ትምህርት የሚያጠናበት ሰው ግን ያለ ሥጋት ሊለውጥ ይችላል። ሊብሬኦፊስ የሚባለው ፕሮግራም የወርድንና የኤክሴልን ፋይል ይከፍታል። የሠንጠረዡ መሥመር አንዳንድ ጊዜ ይንሸራተታል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም።

እኔ ለእያንዳንዱ ሥርዓት ሁለት ሁለት ሳምንት ሰጠሁት። የፈተናው ሥራ ለሁሉም አንድ ነው። አንድ የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ፣ አንድ የቆየ ሠንጠረዥ መክፈት፣ ማተም፣ ዋይፋይ መያዝ፣ ከስልክ ፎቶግራፍ መገልበጥ። በመጨረሻ ደግሞ እየሠራ ሳለ ሶኬቱን መንቀል። ይህን የመጨረሻውን ሳነሣ ልጆች ይስቃሉ፤ ነገር ግን መብራት ሲፈልግ በሚጠፋበት ሰፈር ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም። ውጤቱን እንደ ድሮው በመዝገብ ላይ ዓምድ አስምሬ ጻፍኩት።

ሊነክስ ሚንትና ዴቢያን የሶኬቱን ፈተና በደንብ አለፉ። ምክንያቱ ጆርናል የሚባል ነገር ስላላቸው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ዋናውን መዝገብ ከመንካቱ በፊት በዕለት መዝገብ እንደሚያሰፍር ሁሉ፣ እነርሱም የመደርደሪያውን ለውጥ አስቀድመው በጆርናሉ ይጽፋሉ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያንን አንብበው ያስተካክላሉ። ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ግን ይጠፋል፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም። ኦፕንቢኤስዲ የለመደው የፋይል አያያዝ ጆርናል የለውም፤ ስለዚህ በድንገት ከጠፋ በኋላ ሲነሣ ዲስኩን ሁሉ ይፈትሻል፣ አንዳንዴም ቆሞ ባለቤቱን ይጠይቃል። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው የሚሠራ ከሆነ ይህ ችግር አይሆንም። ባትሪው ለሞተ ማሽን ግን አልመክረውም።

ዋይፋዩ ሌላው ፈተና ነው። ብዙው የዋይፋይ ካርድ ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ካልተሰጠው አይሠራም። ዴቢያን ከ12ኛው ዕትም፣ ማለትም ከ2023 ወዲህ ይህንን ከመጫኛው ጋር አብሮ ስለሚሰጥ ነገሩ ቀሏል። ኦፕንቢኤስዲ ግን ፈርምዌሩን በኋላ ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣው፤ ዋይፋዩ ያለ ፈርምዌር አይሠራ፣ ፈርምዌሩ ያለ ኢንተርኔት አይመጣ። ቁልፉ ከተቆለፈው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። መፍትሔው ስልክን በገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ማካፈል ነው። ብሉቱዝ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኦፕንቢኤስዲን ይተወው፤ በ2014 አውጥተው ጥለውታል።

ይህን ሁሉ ስል ኦፕንቢኤስዲን የጠላሁት እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ በየስድስት ወሩ ይወጣል፤ ሰዎቹ ጥበቃን ሥራዬ ብለው የያዙ ናቸው። ዓለም ሁሉ ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር በምሥጢር የሚነጋገርበትን ኦፕንኤስኤስኤች የሚባለውን ፕሮግራም በ1999 ያወጡት እነርሱ ናቸው። ከሁሉ በላይ የገረመኝ መመሪያቸው ነው። በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ አንድን ትእዛዝ ለመረዳት «ማን» ብላችሁ ከዚያ የትእዛዙን ስም ትጽፋላችሁ። «ማን» ያሉት ማኑዋል የሚለውን አሳጥረው ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን ማን ነህ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፣ እሱም ማንነቱን አንድ በአንድ ይናገራል። እንግሊዝኛዬ የቢሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ያም ሆኖ መዝገበ ቃላት ይዤ ገባኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ በጥንቃቄ የተጻፈ የሥራ መመሪያ አላየሁም። ለማወቅ ለሚጓጓ ወጣት፣ ሥራ ባልተያዘበት ማሽን ላይ፣ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ፍሪቢኤስዲም ጠንካራ ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ድርጅት ፊልሙን የሚያከፋፍለው በእሱ ነው፤ የፕሌይስቴሽን 4 ሥርዓትም ከእሱ የወጣ ነው። እኔ ስጭነው ግን ያገኘሁት ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው፤ መስኮቱንና ሥዕሉን ራሴ ጨመርኩ፣ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ኔትቢኤስዲ በማንኛውም ማሽን ላይ በመሥራት የታወቀ ነው፤ በ2005 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በዳቦ መጥበሻ ላይ አስነሥቶ አሳይቷል። ሃይኩ የሚባለው ደግሞ የዩኒክስ ልጅ ሳይሆን ጠባዩን የወሰደ ጎረቤት ነው፤ ሲነሣ እጅግ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ለዕለት ሥራ ገና ነው። ባለ 32 ቢት የሚባለው በጣም ያረጀ ማሽን ያለው ሰው ይህን ይወቅ፦ ሚንት ከ20ኛው ዕትሙ ከ2020 ጀምሮ፣ ዴቢያን ደግሞ ከ13ኛው ዕትሙ ከ2025 ጀምሮ ለዚያ ዓይነት ማሽን መጫኛ አያወጡም። ኔትቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ግን አልተዉትም።

ስለ አማርኛ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በ3ኛው ዕትም ነው። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባለውን ፎንት ከጫኑ ጽሑፋችን ይነበባል። ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ አማርኛን መምረጥ ነው። ኤስና ኢ ሲመቱ ሰ፣ ኤልና ኤ ሲመቱ ላ፣ ኤም ሲመቱ ም ይወጣል፤ ሰላም ተጻፈ። በታይፕ መኪና ላይ ቅጥያውን ለብቻ እየመታ ለኖረ ሰው ይህ እንደ ተአምር ነው። ዴቢያን ሲጫንም ገና ከመነሻው በአማርኛ ሊያነጋግራችሁ ይችላል።

ችግሩ ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች በተጻፈው ሰነድ ላይ ነው። እነዚያ ፎንቶች በፈረንጅ ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ሥዕል ያስቀመጡ ስለሆኑ፣ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ሰው ሲያየው ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። አልተበላሸም! የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ የተተየበው በእንዲህ ያለው ፎንት ነው፤ የቀድሞ አባሎች ስም ዝርዝርም እንዲሁ። የጸሐፊያችን ኮምፒዩተር ሳይነካ በፊት እነዚህ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው። ለዚሁ የተሠሩ መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከተለወጠም በኋላ አንድ ሰው ከታተመው ቅጂ ጋር መሥመር በመሥመር ያመሳክረው። ስም ውስጥ አንድ ፊደል ቢሳሳት በኀዘን ቀን ጣጣው ለቤተ ሰብ ነው።

አሞካከሩን ልንገራችሁና ላብቃ። የሚያስፈልገው ባለ 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ነው። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፤ የዴቢያን ትንሹ መጫኛ ከ1 ጊጋ ያንሳል፣ ቀሪውን ግን ሲጫን ያወርዳል። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ከ64 ፊደልና ቁጥር የተሠራ ምልክቱን ከባለቤቶቹ ገጽ ካለው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ይህ ማኅተሙ ነው፤ ማኅተሙ ያልገጠመ ደብዳቤ መዝገብ ቤት እንደማይቀበል ሁሉ ይህንንም አትቀበሉ። ከዚያ ፋይሉ በሚጽፈው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይጻፋል፤ ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ማሽኑ ሲነሣ እንደ ዓይነቱ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ ከፍላሹ እንዲነሣ ማዘዝ ነው።

ሚንት በዚህ ዓይነት ከፍላሽ ላይ ሲነሣ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራል። ይህን ቅምሻ በሉት። ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መውጣቱን፣ ፕሪንተሩ ማተሙን በዚሁ እዩ፤ ካልተስማማችሁ ፍላሹን ነቅሎ ማስነሣት ነው፣ የድሮው ሥርዓት እንደ ነበረ ይመለሳል። የሚያስፈራው «ጫን» የሚለውን ከነኩ በኋላ ያለው ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን ነው፤ ሲያጠፋ የአንዱን የሌላውን አይለይም። አንድ የማውቀው ወጣት የጎረቤቱን ላፕቶፕ ሊያድስ ገብቶ ይህንን መረጠ። በላፕቶፑ ውስጥ የሟች እናቷ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ልጁ ደንግጦ፣ እሷ አልቅሳ፣ ነገሩ በሽማግሌ ነው የበረደው። ፎቶግራፎቹ ግን አልተመለሱም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለኮሚቴው ይኸው ነው። የአባሎች መዝገብና የወርሃዊ መዋጮው ሠንጠረዥ በሁለት የተለያዩ ፍላሾች ይገልበጥ፤ አንዱ ከገንዘብ ያዡ፣ አንዱ ከተቆጣጣሪው ዘንድ ይቀመጥ። ሁለቱም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍተው ይታዩ፤ ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ይህ ተፈጽሞ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ እኔም ሆንኩ ልጆቹ የጸሐፊውን ማሽን አንነካም። ከዚያ በኋላ ሚንትን ከፍላሽ ላይ ለአንድ ወር እናሞክራለን፤ ጸሐፊያችን የለመዱትን ሥራ ሁሉ ከሠሩበትና ደስ ካላቸው ይጫናል፣ ካልተመቻቸውም ይቀራል። የኦፕንቢኤስዲ ፍቅሬን በዕድሩ መዝገብ ላይ አላመጣውም፤ እኔ ባልኖር የሚያስተካክለው ሰው በሰፈሩ የለማ።

ለየቤታችሁ መሞከር የምትፈልጉ በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ አጠገብ ባለው ክፍል እገኛለሁ። ባዶ ፍላሽና የማሽናችሁን ቻርጀር ይዛችሁ ኑ። ፋይሉን ቀደም ብዬ ስላወረድኩት የማንም ኢንተርኔት አይቆጥርም። ወጣቶች አንድ አሮጌ ማሽን ለእናንተ መማሪያ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ እሱን እንደ ፈለጋችሁ አፍርሱት።